የላይኛውና የታችኛው ጎረቤት፦ የኦሞ ውሃ፣ የቱርካና ዓሣ እና የክርስቲያን ኅሊና



በአገራችን ድንበር ስለሚሻገር ውሃ ሲነሳ የሁላችንም አሳብ ወዲያው ወደ ዓባይ ይሮጣል። ስለ ዓባይ በጉባኤ ጸልየናል፤ ብዙዎቻችን ቦንድ ገዝተናል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2025 ሲመረቅም እግዚአብሔርን አመስግነናል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሌላ ወንዝ ነው። ወንዙ ኦሞ ነው። ውሃው የሚፈስሰው ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲሆን፣ በሐይቁ ዳርቻ ኢትዮጵያውያንም ኬንያውያንም ከአንድ ውሃ ዓሣ እያወጡ ይኖራሉ።

«ዓሣ ደግሞ ምን የሚያህል ጉዳይ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ጌታ ኢየሱስ መጀመሪያ ከጠራቸው ደቀ መዛሙርት መካከል አራቱ በአንድ የአገር ውስጥ ሐይቅ መረብ ይጥሉ የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን አንዘንጋ (ማቴ. 4፥18-22)። ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ መረብ የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ጌታችን ያውቃል። ዛሬም ከብቱ በድርቅ ላለቀበት ቤተሰብ ዓሣ ማለት የዕለት እንጀራ ነው።

ስለዚህ ይህን ጥያቄ በቅን ልብ አብረን እንድንመረምር እጋብዛችኋለሁ፦ እኛ ኢትዮጵያውያን አማኞች በዓባይ ላይ ለራሳችን የምንጠይቀውን ፍትሕ፣ በኦሞ ላይ ለታችኛው ጎረቤታችን ለመስጠት ዝግጁዎች ነን ወይ?

ሐይቁና ወንዙ

ቱርካና በዓለም ላይ በበረሃ ውስጥ ከሚገኙት ቋሚ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። አብዛኛው ክፍሉ በሰሜን ኬንያ ይገኛል፤ ሰሜናዊ ጫፉ ግን በእኛ በኢትዮጵያ፣ በዳሰነች ምድር ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም። የገባው ውሃ በፀሐይ ከመትነን በስተቀር ወዴትም አይሄድም፤ ስለዚህም ውሃው ጨዋማ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከመቶ ሰማንያው እስከ ዘጠናው የሚመጣው ከኦሞ ወንዝ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ኬንያዊው የቱርካና አጥማጅ በደረቅ ምድር ላይ ቆሞ የሚያጠምደው በኢትዮጵያ ደጋ በዘነበ ዝናብ ነው።

ወንዙ የሚያመጣው ውሃ ብቻ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ኦሞ በክረምት ይሞላል፤ ሲሞላም ከደጋው ለም አፈርና ለዓሣ ምግብ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮችን ይዞ ይወርዳል። የወንዙ አፍና ጥልቀት የሌላቸው የሐይቁ ዳርቻዎች በውሃ ሲሸፈኑ ዓሦች እዚያ ይራባሉ፤ አንዳንዶቹም ዘራቸውን ለመተካት ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ጎርፉ ሲመለስ በወንዙ ዳር በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ዳሰነቾች፣ ካራዎች፣ ሙርሲዎችና ሌሎችም ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ። እንግዲህ አንድ የክረምት ሙላት ለአንዱ እርሻ፣ ለሌላው መረብ፣ ለሦስተኛው የከብት ግጦሽ ነው።

በዚህ ላይ የድርቁን ነገር ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው፣ በእኛ በኩል ቦረና፣ በኬንያ በኩል ቱርካናና ማርሳቢት ከፍተኛ የከብት እልቂት ደርሶባቸዋል። ከብት ሲያልቅ አርብቶ አደሩ ወደ ሐይቁ ይመለከታል። በጥሩ ጊዜ ዓሣ የሚንቅ ሰው እንኳ በክፉ ጊዜ መረብ ያነሳል። ሐይቁ የመጨረሻው ጎተራ ነው ማለት ይቻላል፤ የመጨረሻው ጎተራ ሲጎድል ደግሞ የሚቀረው የእርዳታ ስንዴ መጠበቅ ብቻ ነው።

የካሎኮል ትምህርት

በዚህ ሐይቅ ላይ ዓለም አቀፍ ትብብር አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም በልማት ትምህርት ቤቶች ዘንድ በጣም ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የሚገኘው እዚሁ፣ በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ባለችው ካሎኮል በምትባል መንደር ነው።

የኖርዌይ መንግሥት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቱርካናን ሕዝብ ለመርዳት በቅን አሳብ ተነሳ። ኖርዌይ ስለ ዓሣ የምታውቅ አገር ናት። የቱርካና ሕዝብ በተደጋጋሚ በድርቅ ይጎዳል፤ በደጃፉ ግን በዓሣ የተሞላ ሐይቅ አለ። መፍትሔው ቀላል መሰለ፦ አጥማጆችን ማደራጀት፣ ጀልባ መስጠት፣ መንገድ መሥራት፣ ዓሣውን የሚያቀዘቅዝ ፋብሪካ መገንባት፣ ከዚያም ወደ ሩቅ ገበያ መላክ። ብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ፋብሪካውም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተሠርቶ አለቀ።

ነገር ግን ፋብሪካው ብዙም ሳይሠራ ቆመ። በበረሃ ሙቀት ዓሣ ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው የኃይል ወጪ ከዓሣው ዋጋ ጋር አልተመጣጠነም፤ ፋብሪካው የሚሻው ንጹሕ ውሃም በጨዋማ ሐይቅ ዳርቻ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ሕዝቡም ቢሆን አብዛኛው በከብቱ የሚኖርና ክብሩን በከብቱ የሚለካ አርብቶ አደር ነበር፤ ዓሣ ማጥመድ ከብት ያለቀበት ድሃ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ከዚያም የባሰ መጣ። ብዙው የቆሮሶ ዓሣ ይገኝበት የነበረው የፈርጉሰን ባሕረ ሰላጤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የሐይቁ ውሃ ዝቅ ሲል ደረቀ። ጀልባዎቹ በደረቅ አሸዋ ላይ ቀሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1990 ኬንያ በፖለቲካ ጉዳይ ከኖርዌይ ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስታቋርጥ እርዳታውም አብሮ ተቋረጠ።

ወገኖቼ፣ ይህን የማነሳው በኖርዌይ ሰዎች ለመሳለቅ አይደለም። ብዙዎቻችን ለኖርዌይ የወንጌል ወዳጆች ባለውለታ ነን፤ የሠሩት መንገድም ለአካባቢው ጠቅሟል። የማነሳው ለእኛ ስለሚያስተምረን ነው። ፕሮጀክቱ ገንዘብ አልጎደለውም፤ እውቀትም አልጎደለውም፤ መልካም ልብም አልጎደለውም። የጎደለው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ሥራው ከሰዎቹ ኑሮ አልተነሳም። የሰጪው አገር የሚያውቀውን ወደ ተቀባዩ አገር አመጣ እንጂ፣ ተቀባዩ የሚያውቀውን አልተከተለም። ዛሬም በሐይቁ ዳር ያሉ ሴቶችና ወንዶች ዓሣውን ሰንጥቀው፣ ጨው ነስንሰው፣ በፀሐይ አድርቀው ይሸጣሉ፤ ይህ የደረቀ ዓሣ ያለ ማቀዝቀዣ እስከ ኮንጎ ገበያ ድረስ ይደርሳል። ፀሐይዋ ነዳጅ አትጠይቅም። ሁለተኛ፣ የባሕረ ሰላጤው ዕጣ የሚወሰነው ከድንበር ማዶ፣ በሌላ አገር ደጋ በሚዘንብ ዝናብ ሆኖ ሳለ፣ ሥራው የተመሠረተው በአንድ ወገን ዳርቻ ላይ ብቻ ነበር። ውሃው የሁለት አገር ነው፤ ፕሮጀክቱ ግን የአንድ አገር ነበር።

ግድቡ፣ እርሻውና ጎርፉ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ኢትዮጵያ በወላይታና በዳውሮ መካከል የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብን ሠርታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 አስመረቀች። ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከግድቡ በታች ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማት ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተጀምሯል፤ እርሻው የሚጠጣው ውሃ ከዚያው ከወንዙ ነው። የኮይሻ ግድብ ግንባታም ተከትሏል።

ስለዚህ ግድብ ሁለት ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ቆይቷል። ሁለቱንም በእውነት መስማት ይገባናል።

የመጀመሪያው ድምፅ እንዲህ ይላል፦ አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል፤ ድሃ አገር በወንዝዋ መጠቀም መብቷ ነው፤ ደግሞም ግድቡ ጎርፍን ይቆጣጠራል። ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 የኦሞ ወንዝ በድንገት ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን እንደ ገደለ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶችንም እንደ ወሰደ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ያን ሐዘን ያየ ሰው ጎርፍን የሚገታ ግድብ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ድምፅ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ያ ክረምታዊ ሙላት የእርሻውና የዓሣው ሕይወት ነው፤ ግድቡ ሙላቱን ሲያስቀር የደለል እርሻው ይቀራል፣ ዓሣውም መራቢያ ያጣል። ግድቡ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ሲሆን፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የሐይቁ ወለል ዝቅ ማለቱ በሳተላይት ታይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች በ2018 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በግድቡ የአካባቢ ጥናት ላይም ለወንዙ ዳር እርሻ ሲባል በየዓመቱ ለአሥር ቀናት ያህል ታስቦበት የሚለቀቅ ሙላት እንዲኖር ታቅዶ ነበር። ይህ ዕቅድ በራሱ የሙላቱን አስፈላጊነት የሚመሰክር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ማንም እንደ ተነበየው አልነበረም። ሐይቁ ይደርቃል ተብሎ ሲፈራ፣ ከ2019 ማብቂያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ቱርካናም ሞልቶ ሰፋ። በኬንያ በኩል በቁጥር አነስተኛ የሆነው የኤል ሞሎ ዓሣ አጥማጅ ሕዝብ መንደር ተጥለቀለቀ። በኢትዮጵያ በኩልም ከ2020 ጀምሮ በተለያዩ ዓመታት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ዳሰነቾች በወንዙና በሐይቁ ሙላት ከቀያቸው ተፈናቅለዋል።

ይህ ምን ያስተምረናል? «ሐይቁ ሞልቷልና ጭንቀቱ ሁሉ ከንቱ ነበር» ማለት ችኮላ ነው። ለዓሣ የሚያስፈልገው የውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሙላቱ በወቅቱ መምጣቱና በወቅቱ መመለሱም ነው። ዝናቡ ደግሞ ነገ ሊለወጥ ይችላል። በሌላ በኩል «ግድቡ ሐይቁን ገደለው» ማለትም እውነት አይደለም። እውነቱ ይህ ነው፦ አሁን የወንዙን ቁልፍ የያዘ እጅ አለ። ድሮ ሙላቱ ቢቀር ሰው ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥያቄው ቁልፉን ወደ ያዘው ወገን ይመጣል። ያ ወገን ደግሞ እኛ ነን።

ሽቦው ውል አለው፣ ዓሣው ግን የለውም

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ እስከ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱ አገሮች ለ25 ዓመት የሚቆይ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ውል ተፈራረሙ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወርም ኬንያ ከኢትዮጵያ ኃይል መግዛት ጀመረች። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ስንት ሜጋ ዋት እንደሚሸጥ በውሉ ተወስኗል፤ 200 ነው።

ይህ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤቶች በሰይፍ ከሚነጋገሩ በሽቦ ቢገናኙ ይሻላል። ነገር ግን ውሃው ኤሌክትሪክ ሆኖ በሽቦ ሲሄድ ውል ካለው፣ ያው ውሃ በወንዙ ወርዶ ለዓሣና ለእርሻ ሲደርስ ለምን ውል አይኖረውም? ኢትዮጵያና ኬንያ በኦሞና በቱርካና ላይ ውሃውንና ዓሣውን በጋራ የሚያስተዳድር ቋሚ ድርጅት የላቸውም። ኤሌክትሪኩን የሚገዛው ናይሮቢ ነው፤ ዓሣውን የሚያጣው ግን የቱርካናና የዳሰነች ድሃ ነው። በሁለት መንግሥታት መካከል ጥሩ ወዳጅነት መኖሩ ለታናሹ ሰው ፍትሕ አለ ማለት ላይሆን ይችላል።

ይህ የማይቻል ነገር ነው እንዳንል ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 ኪሱሙ ላይ ተፈራርመው የቪክቶሪያ ሐይቅ የዓሣ ሀብት ድርጅትን መሠረቱ፤ ጽሕፈት ቤቱም በኡጋንዳ ጂንጃ ነው። ሦስቱ አገሮች ጀልባዎችንና አጥማጆችን በጋራ ይቆጥራሉ፤ ስለ መረብ ቀዳዳ ስፋትና ስለሚጠመደው ዓሣ መጠን በጋራ ይመክራሉ፤ በየዳርቻው አጥማጆችና ነጋዴዎች የሚሳተፉባቸው የዳርቻ አስተዳደር ኮሚቴዎች አሏቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ችግር አልጠፋም። ሕገ ወጥ መረብ አለ፤ ኬንያና ኡጋንዳ ሚጊንጎ በምትባል አንዲት ትንሽ ዓለታማ ደሴት በናይል ፐርች ዓሣ ምክንያት ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። ነገር ግን ሲጨቃጨቁ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ አላቸው። ቱርካና ይህ ጠረጴዛ የለውም።

ጠረጴዛ በሌለበት ደግሞ ጥይት ይናገራል። በድንበሩ በኩል ዳሰነችና ቱርካና በግጦሽና በከብት ብቻ ሳይሆን በማጥመጃ ስፍራና በመረብም ይጋደላሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በቶዶኛንግ አካባቢ በሐይቁ ላይ በተነሳ ግጭት ዓሣ አጥማጆች መገደላቸውና ሌሎችም የገቡበት መጥፋቱ ተዘግቧል። ከሁለቱም ወገን እናቶች አልቅሰዋል። ማን ጀመረ የሚለውን ለመንግሥታት እንተወው፤ እኛ ግን ደማቸው በእግዚአብሔር ፊት እኩል ክቡር መሆኑን እንናገር።

በዓባይ የምንለውን በኦሞም እንበል

በዓባይ ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን ምን እያልን ነው የኖርነው? እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1959 የተፈረሙት ውሎች እኛን ሳይጠይቁ ስለ ውሃችን ወሰኑ እንላለን። «ስለ እኛ ያለ እኛ አይሁን» እንላለን። ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ይኑር፣ በሌላው ላይ ጉልህ ጉዳት አይድረስ እንላለን። ይህንኑ መርህ የያዘው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በሥራ ላይ ሲውል ደስ ብሎናል። ክርክራችንም ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ የቱርካናው አጥማጅ ተነስቶ «ስለ እኔ ያለ እኔ አይሁን» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ዳሰነቹስ፣ የገዛ ወገናችን፣ «ጎርፉ መቼ እንደሚቀር፣ መቼ እንደሚለቀቅ ማን ጠየቀኝ?» ቢለን? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላል ያገራችን ሰው። ጌታችን ግን ከዚህ የተለየ ሕግ ሰጥቶናል፦ ሌላው እንዲያደርግልን የምንወደውን እኛ ቀድመን እንድናደርግ (ማቴ. 7፥12)። ይህ ሕግ በግለሰብ ኑሮ ብቻ የሚሠራ፣ ወንዝ ዳር ሲደርስ የሚቆም ሕግ አይደለም።

ልብ በሉ፦ ይህን ማለት በአገር ላይ መነሳት አይደለም። እንዲያውም በኦሞ ላይ በፈቃዳችን የምናሳየው ቅንነት በዓባይ ላይ የምናቀርበውን ክርክር ያጠነክረዋል። ኃይል ባለን ስፍራ ፍትሕን ካደረግን፣ ፍትሕን ስንጠይቅ አፋችን ሞልቶ እንናገራለን።

የእግዚአብሔር ቃል ምን ይላል?

ነቢዩ ሕዝቅኤል እግዚአብሔር በመንጋው መካከል ስለሚፈርደው ፍርድ ሲናገር የሚያስደነግጥ ምሳሌ አለው (ሕዝ. 34፥17-22)። ብርቱዎቹ በጎች ከጠራው ውሃ ይጠጣሉ፤ ከጠጡ በኋላ ግን የተረፈውን በእግራቸው ያደፈርሱታል፤ ደካሞቹ የደፈረሰውን እንዲጠጡ ይገደዳሉ። እግዚአብሔር ብርቱው ለምን ጠጣ አላለም። መጠጣቱ ኃጢአት አልነበረም። ኃጢአቱ ከጠጣ በኋላ ስለሚመጣው አለማሰቡ ነበር። ውድ አንባቢዎች፣ ስለ ላይኛውና ስለ ታችኛው ጎረቤት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል ከየት ይገኛል?

ሁለተኛው ምሳሌ ይስሐቅ ነው (ዘፍ. 26)። ጉድጓድ ቆፈረ፣ ተጣሉበት፤ ሌላም ቆፈረ፣ ተጣሉበት፤ በሦስተኛው ግን ሰፊ ስፍራ አገኘ፣ ርኆቦትም አለው። ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚህ ላይ ያቆማል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። አቢሜሌክ ወደ ይስሐቅ መጣ፤ ይስሐቅም ግብዣ አደረገለት፤ በማግስቱም ማልደው ተማማሉና በሰላም ተለያዩ። የውሃው ጠብ ያበቃው ስፍራ በመልቀቅ ብቻ ሳይሆን በቃል ኪዳን ነው። በዚያችም ቀን የይስሐቅ ሎሌዎች ውሃ እንዳገኙ ነገሩት። ቃል ኪዳንና በረከት በአንድ ቀን መጡ።

ደግሞም ሕዝቅኤል በምዕራፍ 47 ያየውን ራእይ አስቡ። ከመቅደሱ የወጣው ወንዝ ወደ ጨው ባሕር ሲደርስ ውሃው ይፈወሳል፤ ዓሣውም ይበዛል፤ አጥማጆች በዳርቻው ቆመው መረባቸውን ይዘረጋሉ። መንፈሳዊ ትርጉሙን ሁላችን እንወደዋለን። ነገር ግን እግዚአብሔር የሕይወትን ሙላት ለማሳየት የመረጠው ሥዕል በጨዋማ ውሃ ዳር የቆሙ፣ መረባቸው የሞላላቸው ዓሣ አጥማጆች መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

ኦሞ ለወንጌል አማኞች ታሪክ እንግዳ ወንዝ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ከደረሱ በኋላ፣ ወንጌልን የተቀበሉ የወላይታ አማኞች ራሳቸው ወንጌላውያን ሆነው ኦሞን ተሻግረው ወደ ዳውሮና ከዚያም ወዲያ ሄደዋል። አባቶቻችን በዚህ ወንዝ ማዶ ነፍስ አለ ብለው ተሻገሩ። እኛ ደግሞ በዚህ ወንዝ ታች ጎረቤት አለ ብለን ማሰብ አያቅተንም። ዛሬ በደቡብ ኦሞም በቱርካናም የወንጌል አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሁለቱም ወገን ያሉ አገልጋዮች ይተዋወቁ። የኦሞራቴ መጋቢና የቶዶኛንግ ወይም የካሎኮል መጋቢ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አብረው ቢጸልዩ፣ ሰው ሲሞት ወሬው በበቀል ጥሪ ሳይሆን በማስታረቅ ጥሪ ይደርሳል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በከተማም በውጭ አገርም ያላችሁ ለዚያ አካባቢ ልማት ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖች፣ ካሎኮልን አስታውሱ። «ምን እንሥራላችሁ?» ከማለታችን በፊት «ምን ትሠራላችሁ?» ብለን እንጠይቅ። ዓሣ ለሚያደርቁ ሴቶች ጥላ ያለው ንጹሕ ማድረቂያ፣ ጨው፣ መጋዘን፣ ወደ ገበያ የሚወስድ መኪና፣ ለጎርፍ ጊዜ የሚሆን ጀልባ፤ እነዚህ በፎቶ ግራፍ የማያምሩ፣ ግን የሚበረክቱ ሥራዎች ናቸው። ፋብሪካ ከማስመረቅ አንድ ቤተሰብ በሚቀጥለው ድርቅ እንዳይራብ ማድረግ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በውሃና በኃይል ሥራ፣ በእርሻና በዓሣ ምርምር ላይ ያላችሁ አማኞች፣ ይህ የእናንተ የአገልግሎት ስፍራ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አውጥታለች፤ ሕጉ ግን ከድንበር አይሻገርም፣ ዓሣው ግን ይሻገራል። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ መጠን ለታችኛው ወገን በየቀኑ ቢነገር፣ ለእርሻና ለዓሣ የሚሆነው ሙላት በታወቀ ጊዜ ቢለቀቅ፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለዳሰነችም ለቱርካናም በቋንቋቸው ቢደርስ፣ ዓሣው በሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች በጋራ ቢጠና፣ የመረብ ሕጉ በሁለቱም ዳርቻ አንድ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ አንድም አምፖል አያጠፋም። ብዙ ሕይወት ግን ያተርፋል።

አራተኛ፣ ስብከታችን ይስፋ። ስለ መጋቢነት ስናስተምር አሥራትና መባ ላይ ብቻ አናብቃ። የወንዝ ቁልፍ የያዘ ሕዝብም መጋቢ ነው። መጋቢም አንድ ቀን ሒሳብ ይጠየቃል።

የጸሎት ርዕሶች

በሳምንቱ የቤት ለቤት ጸሎታችሁ ላይ እነዚህን ብታስቡ መልካም ነው፦

በዳሰነችና በቱርካና መካከል ስላለው ደም መፋሰስ፣ እግዚአብሔር አስታራቂዎችን እንዲያስነሳ።

በጎርፍ ከቀያቸው ስለተፈናቀሉት፣ በድርቅም ከብታቸው ስላለቀባቸው ቤተሰቦች።

የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ እንደተስማሙ ሁሉ ስለ ውሃውና ስለ ዓሣውም የሚመክሩበትን ጠረጴዛ እንዲዘረጉ፣ በዚያም ጠረጴዛ ላይ ለአጥማጁና ለገበሬው ወንበር እንዲኖር።

በዚያ ምድር ስለሚያገለግሉ ወንጌላውያን፣ ቃሉን ከእንጀራ ጋር፣ እንጀራውንም ከፍትሕ ጋር አስተባብረው እንዲያካፍሉ።

ከትንሣኤው በኋላ ጌታችን ሌሊቱን በከንቱ ለደከሙት ደቀ መዛሙርቱ በሐይቁ ዳር እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው (ዮሐ. 21)። ጴጥሮስን በጎቼን ጠብቅ ብሎ ያዘዘው ካበላው በኋላ ነው። እኛም በላይኛው ወንዝ ያለን፣ በታችኛው ዳርቻ ባዶ መረቡን ይዞ የቆመውን ወንድማችንን የምናይበትን ዓይን እርሱ ይስጠን። አሜን።